የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ሲሰማ፦ የጅማን ሰው ድምፅ መንገድ ላይ መቅረጽ

ታሪካዊ የተባለ የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በተሰማ ቁጥር ማይክ ይዞ ወደ መንገድ የሚወጣ አይጠፋም። ይዞት የሚመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ደስ ብሎኛል»፣ «ለአፍሪካ ጥሩ ነው»፣ «ለውጥ ይመጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ»። ማይክ የተደገነበት ሰው በጨዋነት የሚሰጠው መልስ ነው። የትም ከተማ፣ ለየትኛውም ምርጫ ስለሚሆን ምንም አይነግረንም። ሰውየው ዜናውን ከማን ሰማ? ሲሰማ በእጁ ምን ይዞ ነበር? ቀጥሎ ለማን ደወለ? ስሜቱ ያለው እዚያ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው፦ ምን እንደሚያስብ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንዳደረገ ጠይቁት።

መመሪያው ለኮሚዩኒቲ ሬዲዮ፣ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ ወይም በስልኩ ቀርጾ ለሚያስቀምጥ ሰው ይሆናል። 3 ደቂቃ የሚሆን ጥሩ ዝግጅት ለማውጣት ሁለት ሰው፣ አንድ ሙሉ ቀንና 15 ያህል ተናጋሪ ይበቃል።

ሰዓቱን አስቀድሞ ማስላት

የአሜሪካ ምርጫ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ የሰዓት ሒሳብ ነው። በምርጫው ሰሞን ጅማ ከዋሽንግተን 8 ሰዓት ትቀድማለች፤ ዜናው እኛ ዘንድ የሚደርስበት ሰዓት ግን ከምርጫ ምርጫ በጣም ይለያያል። በ2008 እ.ኤ.አ. የባራክ ኦባማ ማሸነፍ የተነገረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ድምፅ መስጫው እንደተዘጋ ነበር፤ ጅማ ላይ ረቡዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2001 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። በ2020 ቆጠራው ተጓትቶ የጆ ባይደን ማሸነፍ የተሰማው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። በ2024 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ከግሮቨር ክሊቭላንድ ቀጥሎ ሥልጣን ለቅቆ ከአራት ዓመት በኋላ የተመለሰ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት መሆናቸው የተረጋገጠው ረቡዕ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር።

ሰዓቱ የትና ማንን እንደምታገኙ ይወስናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሰው በእግሩ ነው፤ ባጃጅ ተራ ላይ፣ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ወደ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ። ዜናውን የሚሰማው እየተጣደፈ ስለሆነ መልሱ አጭር ይሆናል፤ ግን ትኩስ ነው፣ ገና ከቴሌቪዥን ተንታኝ አልተዋሰም። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ምሳ ተበልቶ በርጫ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። ወንዱ ተሰብስቦ ተቀምጧል፣ ስልክ በየእጁ አለ፣ ክርክሩም ይሞቃል። ሆኖም አንዱ ሲናገር አምስቱ ስለሚያቋርጡት ቀረጻው ለጆሮ አይመችም፤ የሴት ድምፅም እዚያ እምብዛም አታገኙም። ቅዳሜ ምሽት ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ከፍቷል። ያን ሰዓት ዜናው የሚገባው በስልክ ነው፤ አንዱ ከወንበሩ ሳይነሣ ለጎረቤቱ ስክሪኑን ያሳየዋል። ይህን ቅጽበት ለማግኘት ከጨዋታው በፊት ገብቶ ጥግ ይዞ መቀመጥ ያስፈልጋል።

የኬንያ ምርጫ ከሆነ ናይሮቢ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ስለሆነች ሒሳቡ ይቀራል፤ የበዓልና የገበያ ቀን ሒሳብ ግን አይቀርም። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2017ቱን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት የሻረው መስከረም 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዋለው ዓርብ፣ የዓረፋ ዕለት ነበር። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። እንደ ጅማ ባለ ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት ከተማ በዚያ ቀን ሕርማታ መርካቶ ሄዶ ሰው መፈለግ ዋጋ የለውም፤ ሱቁ ዝግ፣ ሰው ቤቱ ነው። እንዲህ ሲገጥም ቀረጻውን ወደ ማግስቱ ማዛወር ወይም በቀጠሮ ቤት ለቤት መሄድ ይሻላል። በአዘቦት ዓርብም ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ያለውን ለጁምዓ ተዉት።

ሐሙስ ግን ወርቃማ ቀን ነው። የሕርማታ ገበያ ድሮም በሐሙስ የታወቀ ነው፤ ከዙሪያው ወረዳ የሚመጣውን ገበሬ በአንድ ቦታ ያገናኛል። በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ቡና ለቀማ ስለሆነ የገጠሩን ሰው በሌላ ቀን ከተማ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡበት ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር።

ውጤቱ የጸና መሆኑን ማጣራት

ከመውጣታችሁ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ውጤቱን ያወጀው ማን ነው? ቀጥሎ ምን ይቀራል? የሚከራከር ወገን አለ ወይ? ይህች ወረቀት መሳቂያ ከመሆን ታድናለች።

የአሜሪካው ውጤት በዕለቱ የሚነገረው በዜና ድርጅቶች ግምት ነው። ከ538ቱ የመራጭ ተወካዮች 270 ያገኘ ያሸንፋል፤ ተወካዮቹ ድምፃቸውን የሚሰጡት በታኅሣሥ፣ ኮንግረስ የሚቆጥረው ጥር 6፣ ቃለ መሐላው ጥር 20 ነው፤ ሁሉም እ.ኤ.አ.። ግምቱ ብዙ ጊዜ ቢይዝም በ2000 አልያዘም። በእኛ ጥቅምት 29 ቀን 1993 ዓ.ም. ረፋድ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጆርጅ ቡሽ አሸነፉ ያሉት ቴሌቪዥኖች እኩለ ቀን አካባቢ ያሉትን መልሰው ዋጡ። ነገሩ የተቋጨው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በፍሎሪዳ የነበረው ልዩነት 537 ድምፅ ብቻ ነበር። ያን ቀን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ የተቀረጸ «እንኳን ደስ ያለው» ማታ ቢተላለፍ ኖሮ ተናጋሪውን ያለ ጥፋቱ ያሳፍረው ነበር።

በኬንያ የሚያውጀው የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀመንበር ነው። አሸናፊው ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት፣ ከ47ቱ ካውንቲዎች ደግሞ ቢያንስ በ24ቱ 25 በመቶ መያዝ አለበት። በ2022 ዊልያም ሩቶ በ50.49 በመቶ ማሸነፋቸው የተነገረው ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ያጸናው ነሐሴ 30 ነው። በመካከል ያሉት ሦስት ሳምንታት ሁሉ «ውጤት አለ፣ ግን በክርክር ላይ ነው» የሚባልባቸው ናቸው። በጋምቢያ ደግሞ በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. የያኔው ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ ሽንፈታቸውን በቴሌቪዥን ተቀብለው ከሳምንት በኋላ ካዱት፤ አገር ለቀው የሄዱት ጥር 21 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያው ቀን የተቀዳ ደስታና በሳምንቱ የተቀዳ ፍርሃት የአንድ ምርጫ ድምፆች ቢሆኑም በአንድ ዝግጅት ውስጥ ቀን ሳይነገር መደባለቅ የለባቸውም።

የራሳችን ጉዳይ ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር ይረሳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት የኢትዮጵያን ፕሬዚዳንት የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይመረጣል። ስለዚህ «መርጠዋል?» ብላችሁ የጅማን ሰው ብትጠይቁ ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነው። ሰውየው በትሕትና «አልመረጥኩም» ይላል፤ አድማጭ ምርጫ ያመለጠው ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ ልማድ አለ፦ እያንዳንዱን ፋይል ስትጀምሩ በራሳችሁ ድምፅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ተናገሩ። «ረቡዕ፣ ጥቅምት 27፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ፣ ፈረንጅ አራዳ።» አምስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ከወር በኋላ ማን ምን አውቆ እንደተናገረ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ዕቃ

ስልክ ይበቃል። የስልኩ መቅጃ አብዛኛውን ጊዜ የታመቀ ፋይል ስለሚያወጣ፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ያልታመቀውን፣ ዌቭ (WAV) የሚለውን ምረጡ፤ 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ። በዚህ ልክ አንድ ደቂቃ 5.8 ሜጋባይት ያህል፣ አንድ ሰዓት ወደ 350 ሜጋባይት ይይዛል፤ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ለቀኑ ይተርፋል። ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ይቋረጣል፣ የኔትወርኩም «ድርድርድር» ድምፅ ውስጥ ይገባል። ፓወር ባንክ ያዙ፤ መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ስትፈልጉት ነው።

ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የምትገዙት በሽቦ የሚሰካ የእጅ ማይክ ይሁን። የአንገት ማይክ መንገድ ላይ አይመችም፤ ሰውን ልብሱን ይዞ ማሰር ያስፈራዋል፣ ነጠላና ሻርፕም ይፈትገዋል። ማይኩ ስፖንጅ ይልበስ። የዚህ ሥራ ዋና ቃል «ፕሬዚዳንት» ነው፤ በ«ፕ» ይጀምራልና ተናጋሪው ባለው ቁጥር ትንፋሹ ማይኩን ይመታል። መፍትሔው ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከአገጭ በታች ወደ ጎን አዘንብሎ መያዝ ነው። ርቀቱ ጸጥ ባለ ቦታ አንድ ስንዝር፣ ገበያ ውስጥ ግማሽ ስንዝር። የድምፁ ልክ ሲለካ ከፍ ያለው ቦታ −12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ከ−6 ካለፈ ሲስቅ ወይም ሲጮህ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም።

ጆሮ ላይ ኤርፎን ሳይደረግ አይቀረጽ። የባጃጅ ሞተር ለዓይን አስር ሜትር ይርቃል፣ ማይክ ውስጥ ግን አጠገባችሁ ነው። የቆመ ባጃጅ ሲኖር ሾፌሩን «ወንድም፣ ሁለት ደቂቃ አጥፋልን» ማለት ያዋጣል፤ አብዛኛው ያጠፋል፣ እንዲያውም መጥቶ ይናገራል። ዝናብ ግን አይለመንም። ጅማ ጥቅምትም ይዘንባል፤ ቆርቆሮ ሥር የተቀረጸ የዝናብ ሰዓት ንግግር በየትኛውም ኤዲት አይጸዳም። ሲያካፋ ወደ ፎቅ ሥር፣ ኮንክሪት ጣሪያ ወዳለበት በረንዳ ግቡ።

ቦታና ሰው መምረጥ

15 ሰው ስትሉ 15 ቦታ ማለት አይደለም፤ አምስት ቦታ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሰው ይበቃል። ለምሳሌ መነኸሪያ ጠዋት፣ ሕርማታ መርካቶ ረፋድ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለ የጀበና ቡና ከሰዓት በኋላ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በር ላይ ተማሪዎች ሲወጡ፣ ማምሻውን ደግሞ እንደ ቆጪ ወይም ጅሬን ያለ የመኖሪያ ሰፈር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩትን ለማግኘት የፈረቃ መውጫ ሰዓት ጠብቁ። መነኸሪያና ግቢ በር ላይ ጥበቃ ደብዳቤ መጠየቁ አይቀርም። ደብዳቤው ምርጫው ከመድረሱ በፊት ይጻፍ፤ የ2020ው ውጤት ቅዳሜ ማታ እንደመጣ አስታውሱ፣ ቅዳሜ ማታ ማኅተም የሚያደርግ ቢሮ የለም።

ማይክ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ወጣት ወንድ ነው፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ ከ15ቱ 13ቱ እነሱ ይሆናሉ። የመጣውን አትመልሱት፣ ቅረጹት፣ ከዚያ ግን እናንተ ሂዱ፦ ጉሊት ወዳሉት እናቶች፣ ሱቅ ውስጥ ወደተቀመጡት አዛውንት፣ ዕቃ ወደሚያወርደው። ሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጉሊት ላይ ላለች ሴት ማይክ ስትይዙላት ስድስት ሰው ይከብባታል፤ ስድስት ሰው ፊት ደግሞ ሰው የራሱን አይናገርም። ረዳቱ ከበባውን ሁለት እርምጃ ራቅ አድርጎ ያወራል፣ የሚቀጥለውን ተናጋሪም ያዘጋጃል።

የጀበና ቡና ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቡና አዝዛችሁ ጠጡ፣ ሒሳብ ክፈሉ፣ ከዚያ ማይክ አውጡ። ለንግግር ብላችሁ ገንዘብ ከሰጣችሁ ቀጣዩ ሰው ደስ የሚላችሁን ለመናገር ይሰለፋል። ቡናው የሚወቀጥ ከሆነ ውቀጣው እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ሙቀጫው የንግግሩን ቃላት እየቆረጠ ይገባል፣ ኤዲት ላይ የምትቆርጡበት ቦታ ያሳጣችኋል። ይልቅ ውቀጣውን፣ የሲኒውን ኳኳታና የሰዉን ጉምጉምታ ለብቻው 30 ሰከንድ ቅረጹ። በኋላ ሁለት ድምፅ የምታገጣጥሙበት ማጣበቂያ ይህ ነው፤ ከየቦታው አንድ አንድ ይኑራችሁ።

አቀራረብ

ሰላምታ ሳይሰጡ ማይክ መዘርጋት ነውር ነው፣ መልሱንም ያበላሻል። «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር፣ ታላቅን «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ» ማለት፣ በኦሮምኛ «ኦቦ» እና «አደ» ማለት፤ ከዚያ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደምትቀርጹ፣ የት እንደሚተላለፍ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ። ፈቃዱን ማይኩ ከተከፈተ በኋላ ድጋሚ ጠይቁ፤ «እሺ» ሲሉ ተቀርጾ ይቀመጥ። ስም መናገር ግዴታ አይደለም፤ ሥራና ሰፈር ይበቃል። ከቀረጻ በኋላ «ተዉት፣ አታውጡት» ካለ ወዲያው ፊቱ ላይ አጥፉለት። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ያለ ወላጅ አትቅረጹ፣ ዩኒፎርም ለብሶ መንገድ ላይ ቢያገኛችሁም።

ቋንቋውን እሱ ይምረጥ። በአማርኛ ጠይቃችሁት በአማርኛ የሚመልስ ብዙ ሰው አለ፤ ግን ቃል እየፈለገ የሚመልሰውና በኦሮምኛ ሳይቸገር የሚለው እኩል አይመዝንም። ቡድናችሁ ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገር ከሌለ ጅማ ላይ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ዳውሮኛ፣ ካፍኛና የምኛ የሚቀናውም ታገኛላችሁ፤ አጠገቡ ካለ ዘመዱ ያስተርጉም፣ የራሱ ድምፅ ግን ይቀረጽ።

ጥያቄዎቹ

«ታሪካዊ» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ። እናንተ ካላችሁት እሱም ይደግመዋል፤ በራሱ ካለው ግን ዋጋ አለው። «ደስ ብሎዎታል?» «ይጠቅመናል ይላሉ?» የሚሉትም መልሱን አጉርሰው የሚጠይቁ ስለሆኑ ይቅሩ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦

«ዜናውን ከማን ሰሙ?» በኦሮምኛ «ኤኙቱ ኢሲኒቲ ሂሜ?»
«ያኔ ምን እየሠሩ ነበር?»
«ከዚያ ለማን ነገሩ፣ ለማን ደወሉ?»
«እሱስ ምን አለ?»
«ከነጋ ከሰው ጋር ሲነሣ ምን ሲባል ሰሙ?»
በመጨረሻ ብቻ፦ «እርስዎስ ምን አሉ?»

አራተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ሰው የራሱን ስሜት ሊያሳምረው ይሞክራል፣ የወንድሙን ወይም የደንበኛውን ሲያወራ ግን እንደወረደ ይናገራል፤ ድምፁም ይለወጣል፣ የሌላውን አነጋገር እየቀዳ ይስቃል። በአድማጭ ጆሮ ላይ የሚቀረው ይህ ነው።

«አልሰማሁም» የሚል ሰው ስታገኙ ማይኩን አትንጠቁት። ሕርማታ ላይ በቡና ለቀማ ሰሞን ዜናው ያልደረሰው ሰው መኖሩ ራሱ ዜና ነው። እንዲህ አርጉ፦ «እገሌ አሸነፈ ተባለ» ብላችሁ ስሙን ብቻ ንገሩት፣ ከዚያ ዝም በሉ። ሦስት ሰከንድ፣ አስፈላጊ ከሆነ አምስት። የመጀመሪያው ቃል በእናንተ ፊት ይወጣል። ይህ ግን የሚሠራው ውጤቱ የጸና ከሆነ ነው፤ ያልጸናን ውጤት ለሰው ማብሰር ወሬ መንዛት ነው።

ስለ አሜሪካ ምርጫ ስትጠይቁ መልሱ ቶሎ ወደ ጥቂት ጉዳዮች ይሄዳል፤ ምክንያታቸውን ካወቃችሁ ተከታይ ጥያቄ አታጡም። ዲቪ የሞላ ሰው ፕሬዚዳንቱን በቪዛ ይመዝናል፤ «የሞሉት ስንት ጊዜ ነው? ማን ነው የሚሞላልዎት?» በሉት። የሕዳሴ ግድብን የሚያነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዶናልድ ትራምፕ በጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ሲሉ የተናገሩትን ያስታውሳል፤ «ያኔ የት ሆነው ሰሙት?» ይባላል። የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ አጎዋን ካነሣ፣ ኢትዮጵያ ከዚያ የቀረጥ ነፃ ዕድል የወጣችው በጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በባይደን ጊዜ መሆኑን እናንተ እወቁ፤ ለክርክር ሳይሆን በየትኛው ወር ሥራው ላይ ምን እንደተለወጠ ለመጠየቅ። ቡና ነጋዴው ስለ ዶላር ያወራል፣ ልጇ ውጭ ያለች እናት ስለ ልጇ። አምስት ሰው ተከታትሎ ስለ ግድቡ ቢያወራ «የጅማ ሰው የሚያስበው ግድቡን ነው» ብላችሁ አትደምድሙ፤ ምናልባት አንድ ቦታ የቆሙ፣ አንዱ የሌላውን የሰሙ ናቸው። ቦታ ቀይሩ።

በ2008 የኦባማን ማሸነፍ እንዴት እንደሰሙ አሁን የምትጠይቁ ከሆነ ሥራው ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ስሜት ላይ በኋላ የሆነው ሁሉ ተደርቦበታል፤ ኦባማ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ መምጣታቸውና በአፍሪካ ኅብረት መናገራቸው ከምርጫው ቀን ጋር በብዙ ሰው አእምሮ ተቀላቅሏል። መለያው ተጨባጭ ነገር ነው፦ «ጠዋት ነበር ማታ?» «በሬዲዮ ነው በስልክ?» «ያኔ ሞባይል ነበረዎት?» ሌሊት ቴሌቪዥን ላይ ሲመረጥ አየሁ የሚል ሰው ሌላ ቀን እያስታወሰ ሊሆን ይችላል፤ ዜናው ጅማ የደረሰው ጠዋት ነውና። አታርሙት፣ አታፋጡትም፤ ማስታወሻችሁ ላይ ግን ጻፉት። የኬንያው መንግሥት ለኦባማ ድል ብሎ ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል አውጆ ነበር፤ ያን የሚያነሣ ሰው ቀኑን በትክክል ይዞታል ማለት ነው።

ማረም፣ መተርጎም፣ ማኖር

ከ15 ሰው ወደ 25 ደቂቃ ድምፅ ይሰበሰባል። በዚያው ምሽት ሁሉንም አንድ ጊዜ ስሙና ከእያንዳንዱ አንድ ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ። ስምንት ድምፅ፣ እያንዳንዱ ከ15 እስከ 25 ሰከንድ፣ 3 ደቂቃ ይሞላል። ለመክፈቻ አስተያየት ሳይሆን ድርጊት ያለበትን ምረጡ። ተመሳሳይ ስሜት ያላቸውን ሁለት ድምፆች አታከታትሉ። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ አታስገቡ፣ ምንም ያህል ቢጣፍጥ። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብትቆርጡ የሞተሩ ጉርምርምታ ይቀንሳል፤ ድምፅ ማጽጃውን ግን አታብዙት፣ ተናጋሪውን በርሜል ውስጥ ያስገባዋል።

ዓረፍተ ነገር መሐል ቆርጣችሁ «ግን» ከሚለው በፊት አታቁሙ። «ጥሩ ሰው ይመስለኛል፣ ግን…» ያለን ሰው ከ«ግን» በፊት ማቋረጥ መዋሸት ነው። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚሰድብ ቃል ከወጣ ቆርጣችሁ አውጡ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው ተናጋሪውን ብቻ አይደለም፣ ያሰራጨውንም ነው። ተናጋሪው በስሜት ያለውን ነገ ላይፈልገው ይችላል።

በኦሮምኛ የተነገረውን ስትተረጉሙ የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ሰከንዶች በራሱ ድምፅ ልቀቁ፣ ከዚያ ትርጉሙን ደርቡበት፣ የመጨረሻው ሐረግ ደግሞ በራሱ ይሰማ። ሴት ከሆነች ሴት ታንብብላት። ትርጉሙን ያልሠራው ሌላ ኦሮምኛ ተናጋሪ አንዴ ሰምቶ ያስተካክል። መግቢያ ጽሑፉ ላይ «የጅማ ሕዝብ ተደሰተ» ተብሎ አይጻፍ፣ መቶኛም አይወጣ። 15 ሰው መንገድ ላይ ያገኛችኋቸው 15 ሰዎች ናቸው፤ «ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካነጋገርናቸው» በሉ፣ ይበቃል።

ያልተጠቀማችሁበትን አትደምስሱት። ዋናውን ዌቭ ፋይል ሳይነካ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከስልኩ ውጭ። ስሙን በዓመተ ምሕረት ጀምሩት፣ ወሩና ቀኑ በቁጥር ይሁን፦ «2017-02-27-ሕርማታ-03»፤ እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ በራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ጥቅምት በኛ ሁለተኛ ወር ስለሆነ «02» የካቲትም እንዳይመስል፣ ፎልደሩ ውስጥ የፈረንጁን ቀን የያዘች አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ጨምሩ። እዚያው ላይ የተናጋሪውን ሥራ፣ ሰፈርና ቋንቋ ጻፉ፤ እንዲሁም ዳግመኛ ሊያነጋግራችሁ ፈቅዶ እንደሆነ። ቃለ መሐላው ሲደርስ ከ15ቱ አራት ወይም አምስቱን ተመልሳችሁ ጠይቁ፤ በመጀመሪያው ቀን ለማን ደውዬ ነበር ያሉትን አንሡና ከዚያ ሰው ጋር ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ አውርተው እንደሆነ።